የሕክምና ተማሪው ወደ ላብራቶሪ ሲሻገር



ሁዳ ዞግቢ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና መማር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት የፈነዳውም በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት እንደምንም ጨርሰው ለክረምቱ ወደ አሜሪካ ተላኩ። ወደ አገራቸው መመለስ የማይቻል ሲሆን ናሽቪል ከተማ ያለው፣ ጥቁር ሐኪሞችን በማፍራት የታወቀው የሜሃሪ ሕክምና ኮሌጅ ተቀበላቸው። በ1979 ተመረቁ። ከዚያ ሂውስተን ወርደው የሕፃናት ሕክምና፣ ቀጥሎም የነርቭ ሕክምና ሬዚደንሲ ያዙ። እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው ስደት ያልበገራት የአንዲት ጎበዝ ሐኪም ታሪክ ነው፤ በብዙ ሐበሻ ቤት በኩራት የሚወራ ዓይነት።

በ1983 ወላጆች አንዲት ትንሽ ልጅ ይዘው እሳቸው ወደሚሠሩበት ሆስፒታል መጡ። ልጅቷ ጤነኛ ሆና ተወልዳ አፍ መፍታት ጀምራ ነበር። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ሄደ። ንግግሯ ጠፋ። እጆቿ ዕቃ መያዝ ትተው ቀኑን ሙሉ እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ። በዚያው ዓመት ስዊድናዊው ሐኪም ቤንግት ሃግበርግና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ ምልክት የታየባቸውን 35 ሴት ልጆች የሚገልጽ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ሬት ሲንድረም የሚባለው በሽታ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ እንዲህ ያለች ልጅ መጣች። ዶክተር ዞግቢ የቆዩ የሕሙማን ካርዶችን ሲያገላብጡ ደግሞ ሌላ የበሽታ ስም ተሰጥቷቸው የተቀመጡ ተጨማሪ ልጆች አገኙ።

ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ የሕመማቸው አካሄድም ይመሳሰላል። እንግዲያስ ምክንያቱ ዘረመል ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚታየው እጅግ አልፎ አልፎ ስለነበር ሐሳቡን የተጠራጠሩት ጥቂት አልነበሩም። እሳቸው ግን ሬዚደንሲውን ሲጨርሱ ክሊኒክ ከፍተው መቀመጥን ትተው የዘረመል ተመራማሪው የአርተር ቦዴ ላብራቶሪ ገቡና ሙያውን ከሀ ጀምረው ተማሩ። በ1999 የሬት ሲንድረም መነሻ ሜክፒ-ቱ የተባለው ዘረመል መሆኑን ላብራቶሪያቸው አሳወቀ። ከመጀመሪያዋ ልጅ እስከ ዘረመሉ 16 ዓመት ሄደ። ለበሽታው የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2023 ነው፤ አርባ ዓመት መሆኑ ነው።

ይህ ዲስኩር የሚመለከተው ዶክተር ዞግቢን ወደ ላብራቶሪ የወሰዳቸው ዓይነት ጥያቄ ገና ተማሪ ሳሉ የሚመጣባቸውን ወጣቶች ነው። አንድ ተማሪ ኮሌጅ ጨርሶ፣ ኤምካት የተባለውን የመግቢያ ፈተና ወስዶ፣ አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቷል። ወላጆቹ ለዘመድ አዝማድ አብሥረዋል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰበት ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ክረምቱን ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል። መስከረም ሲጠባ ክፍል ይመለሳል፤ ልቡ ግን ላብራቶሪው ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ አንድ ቀን ለቤተሰቡ ስልክ ደውሎ ኤምዲውን ከፒኤችዲ ጋር አጣምሮ መማር እንደሚፈልግ፣ ይህም ምናልባት አራት ዓመት እንደሚጨምር ይናገራል። ከወዲያ በኩል ዝምታ ይሆናል። ቀጥሎ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረት ይመጣል።

ተረቱ ለብዙ ነገር ይሠራል። እዚህ ላይ ግን ሁለት ዛፍ የለም። ተመራማሪ ሐኪም የሚባለው ሰው በሽተኛው ላይ ያየውን ላብራቶሪ ወስዶ የሚጠይቅ፣ ላብራቶሪ ያገኘውንም ወደ በሽተኛው የሚመልስ ሰው ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ሥልጠናው ነው ረዥም። የዚህ ዲስኩር አቋምም ይኸው ነው፦ ሕክምናን ጀምሮ ወደ ጥምር መርሐ ግብሩ መሻገር ይቻላል፤ የሚያሻግረው ምክንያት ግን ነጻ ትምህርት ወይም ተጨማሪ ማዕረግ መሆን የለበትም። መጽሐፍ ያልመለሰው፣ ተማሪውም ሊተወው ያልቻለው ጥያቄ መሆን አለበት።

መርሐ ግብሩ ራሱ እንዴት እንደተጀመረ ማወቅ ይጠቅማል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ክሊቭላንድ፣ ዛሬ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን ዲግሪዎች አንድ ላይ የሚያስተምር ፕሮግራም ተከፈተ። የፋርማኮሎጂው ኃላፊ ኧርል ሰዘርላንድ ነበሩ፤ በኋላ በ1971 የኖቤል ሽልማት ያገኙት። ወደዚያ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ፈሪድ ሙራድ ናቸው። አባታቸው ከአልባኒያ የመጡ ስደተኛ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ኢንዲያና ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ምግብ ቤት ነበረው። ለእንደዚህ ያለ ቤተሰብ ልጅ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ትንሽ መተዳደሪያ የሚሰጥ ፕሮግራም ትልቅ ነገር ነው፤ ሙራድም ይህን አልሸሸጉም። ነገር ግን ገንዘቡ ያስገባቸው እንደሆነ እንኳ ያቆያቸው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱንም ዲግሪ በ1965 ይዘው ወጡ። ናይትሮግሊሰሪን የተባለው፣ የልብ ሕሙማን መቶ ዓመት ገደማ ሲወስዱት የኖሩት መድኃኒት በምን መንገድ እንደሚሠራ ማንም አያውቅም ነበር። መድኃኒቱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እንደሚለቅና የደም ሥርን የሚያላላው እሱ እንደሆነ ያሳዩት ሙራድ ናቸው። በ1998 ኖቤል ተሸለሙ። ከዚያው ፕሮግራም በ1969 የወጡት አልፍሬድ ጊልማን ደግሞ ጂ ፕሮቲን የተባሉትን የሴል መልእክተኞች በማግኘታቸው በ1994 ተሸልመዋል። አንድ ትንሽ ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎች አፈራ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በተለምዶ ኤን አይ ኤች የሚባለው፣ ይህን ዓይነቱን ሥልጠና በመንግሥት ገንዘብ መደገፍ የጀመረው በ1964 ነው። የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች ሦስት ነበሩ፤ አልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲና ኖርዝዌስተርን። ዛሬ በዚህ ድጋፍ የሚንቀሳቀሱት ፕሮግራሞች ከ50 በላይ ናቸው፤ ያለዚህ ድጋፍ በራሳቸው ገንዘብ የሚያስተምሩም አሉ። ሆኖም በየዓመቱ አዲስ ከሚገቡት የአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች መካከል ጥምር ፕሮግራም የሚገቡት ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ናቸው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከሌሎች የሕክምና ተማሪዎች ጋር አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት በክፍል፤ ቀጥሎ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት በላብራቶሪ፣ ፒኤችዲው ተከላክሎ እስኪያልቅ፤ ከዚያ ወደ ዋርድ ተመልሶ የሕክምናውን የመጨረሻ ዓመታት መጨረስ። በአማካይ ስምንት ዓመት ይወስዳል። ሬዚደንሲው ከዚያ በኋላ ነው።

አብዛኞቹ ተማሪዎች ለዚህ የሚያመለክቱት ገና ኮሌጅ ሳሉ፣ ለሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክቱ ነው። መሃል ላይ የሚከፈተው በር ግን ሁለተኛ መግቢያ ነው፤ ስለ እሱ በይፋ የሚነገረው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ተማሪዎች መኖሩን እንኳ ሳያውቁ ያልፉታል። በርከት ያሉ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ወደ ጥምር ፕሮግራሙ እንዲያመለክቱ ይፈቅዳሉ። ከሌላ ትምህርት ቤት መዛወር ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሳካው ለምሳሌ የተማሪው አማካሪ ፕሮፌሰር ላብራቶሪያቸውን ይዘው ሲዛወሩ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሚጀምረው ተማሪው ካለበት ሕንፃ ነው።

በሩ የሚዘጋበት ጊዜም አለው። ተማሪው ዋርድ ገብቶ የሦስተኛ ዓመት ዙሩን ከጀመረ በኋላ መውጣቱ የተለየ ስምምነት ይጠይቃል፤ ትምህርቱ ተቆርሶ ይቀራልና። ያኔም ቢሆን መንገድ አይጠፋም። ከሕክምናው ፈቃድ ወስደው ፒኤችዲ ሠርተው የሚመለሱ አሉ። ኤን አይ ኤች ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ከ2001 ጀምሮ የሚያካሂደው የፒኤችዲ ፕሮግራምም የሕክምና ተማሪዎችን ይቀበላል።

ፕሮግራሙ ከመሃል ገቢው የሚፈልገው ምንድን ነው? ውጤት ይታያል፤ ግን ውጤት ያለው ብዙ ነው። የሚመዝነው ተማሪው ቀድሞ የሠራው ምርምርና አብረውት የሠሩት ፕሮፌሰሮች የሚጽፉለት ደብዳቤ ነው። ፕሮፌሰሩ ተማሪው ሙከራው ሲበላሽበት ምን እንዳደረገ መጻፍ ከቻሉ ደብዳቤው ከማንኛውም ነጥብ ይበልጣል። ኮሌጅ ሳለ ላብራቶሪ ረግጦ የማያውቅ ተማሪ በአንድ ክረምት ብቻ ተማርኮ ቢያመለክት ጠያቂዎቹ ይጠራጠራሉ፤ መጠራጠራቸውም ትክክል ነው። የአንድ ክረምት ፍቅር ስምንት ዓመት ሊሸከም መቻሉን የሚያሳይ ነገር ገና የለምና።

እዚህ ላይ ለሐበሻ ቤተሰቦች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የኤን አይ ኤች የሥልጠና ድጎማ የሚሰጠው ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በዚህ ገንዘብ አይደገፍም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በራሳቸው ገንዘብ የውጭ ዜጋ ይቀበላሉ፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው። ጉዳዩን ከማመልከቻው በፊት ማጣራት ያሻል። የገንዘብ ድጋፉ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚከፈል፣ ቀደም ሲል የተከፈለው የአንደኛ ዓመት ክፍያ ይመለስ እንደሆነም እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ በቃል ከሚነገረው ይልቅ በጽሑፍ የተሰጠው ይታመናል።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እንነጋገር። የአሜሪካ ሕክምና ተማሪዎች ተበድረው ሲመረቁ የመካከለኛው ተማሪ ዕዳ 200,000 ዶላር አካባቢ ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ አዲስ የሚገቡ የሕክምና ተማሪዎች ከፌዴራል መንግሥት የሚበደሩትን በዓመት በ50,000፣ በጠቅላላው በ200,000 ዶላር ወስኖታል። ጥምር ፕሮግራሙ በአንጻሩ ክፍያውን ይሸፍናል፤ የጤና መድን ይሰጣል፤ መተዳደሪያም ይከፍላል። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን «ግባ!» ቢለው አይፈረድበትም።

ሒሳቡ ግን እስከ መጨረሻው መሠራት አለበት። ላብራቶሪ ውስጥ የሚያልፉት አራት ዓመታት በኋላ ከሐኪምነት ደመወዝ የሚቀነሱ አራት ዓመታት ናቸው። የቤተሰብ ሐኪም እንኳ በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ በሚያገኝበት አገር ያ የቀረ ገቢ ከተሸፈነው የትምህርት ክፍያ በቀላሉ ይበልጣል። ተመራማሪ ሐኪሞች በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚከፈላቸውም የግል ክሊኒክ ካላቸው ጓደኞቻቸው ያነሰ ነው።

ከሒሳብ የሚበልጥ ማስረጃም አለ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት በ2018 ለሁሉም የሕክምና ተማሪዎቹ ትምህርቱን ነጻ አደረገ። በ2024 ሩት ጎትስማን ለአልበርት አንስታይን ኮሌጅ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሰጡና እዚያም ክፍያ ቀረ። ሁለቱም በ1964 የኤን አይ ኤችን ድጋፍ መጀመሪያ ካገኙት ሦስት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ናቸው። እዚያ የሚማር ተማሪ ኤምዲውን በነጻ ያገኛል፤ ፒኤችዲ መጨመሩ የትምህርት ክፍያ አያድነውም። ሆኖም ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ዛሬም ጥምር ፕሮግራም አላቸው፤ የሚገባባቸውም አላጡም። ማንኛውም መሃል ላይ መሻገር የሚያስብ ተማሪ ራሱን በዚያ ቦታ አድርጎ ቢጠይቅ ጥሩ ነው፦ ሕክምናው በነጻ ቢሰጠኝ እነዚያን አራት ዓመታት አሁንም እፈልጋቸዋለሁ? የሚያመነታ ከሆነ ይቆይ።

ቆይቶ ምን ያደርጋል? ተመራማሪ ሐኪም ለመሆን ፒኤችዲ ግዴታ እንዳልሆነ የሚያሳየው ታሪክ እጅግ ብዙ ነው። ሁዳ ዞግቢ ፒኤችዲ የላቸውም። ሮድሪክ ማኪነን ሐኪም ሆነው፣ ሬዚደንሲ ጨርሰው፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደ መሠረታዊ ሳይንስ ተመለሱ፤ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት የአዮን መተላለፊያዎችን አወቃቀር በማሳየት ነው።

የሮበርት ሌፍኮዊትዝ ታሪክ ደግሞ ለማንኛውም ተማሪ መነገር አለበት። የቬትናም ጦርነት ጊዜ ወጣት ሐኪሞች ለውትድርና ይጠሩ ነበር፤ ከመዝመት ይልቅ በሕዝብ ጤና አገልግሎት ሥር ኤን አይ ኤች ውስጥ ሁለት ዓመት ማገልገል ይቻል ነበር። ሌፍኮዊትዝ በ1968 የገቡት በዚህ መንገድ ነው፤ ልባቸው የልብ ሐኪም መሆን ላይ ነበር። ሙከራዎቻቸው ለረዥም ጊዜ አልሠሩም። ከኮሎምቢያ ሕክምና ትምህርት ቤት በከፍተኛ ውጤት ለወጣ ሰው ይህ አዲስ ነገር ነው። ምርምር የኔ ነገር አይደለም ብለው ወደ ቦስተን ሆስፒታል ለመሄድ ወሰኑ። ሊሄዱ ጥቂት ሲቀራቸው ሙከራው መልስ መስጠት ጀመረ። ያም ሆኖ ቦስተን ሄዱ፤ ዋርድ ውስጥ ሲሠሩ ግን ላብራቶሪው እየናፈቃቸው ተቸገሩ፤ ሬዚደንሲያቸውን ሳይጨርሱም ወደ ላብራቶሪ ተመለሱ። በ2012 በላብራቶሪያቸው ከሠለጠኑት ከብራያን ኮቢልካ ጋር ኖቤል ወሰዱ። ኮቢልካም ሐኪም ናቸው። በዚያው በ1968 ኤን አይ ኤች የገቡት ሃሮልድ ቫርመስ፣ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲንም ሦስቱም የኖቤል ተሸላሚዎች ሆነዋል። ብራውንና ጎልድስቲን በልጅነታቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ስለሚያጠቃቸው ሕሙማን ጠይቀው የኮሌስትሮልን መንገድ አገኙ። አራቱም የኤን አይ ኤች ላብራቶሪ የገቡት ሐኪም ከሆኑ በኋላ ነው። ቫርመስማ ከሕክምና በፊት ሥነ ጽሑፍ ተምረው ነበር።

ከዚህ ተነስቶ የሚመከረው ነገር አለ። ልቡ የተከፈለ ተማሪ በቀጥታ ከመሻገሩ በፊት አንድ ዓመት ይሞክር። ኤን አይ ኤች ከ2012 ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎችን ቤተስዳ በሚገኘው ግቢው ለአንድ ዓመት ተቀብሎ ምርምር የሚያሠራበት ፕሮግራም አለው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም የራሳቸው አላቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ላብራቶሪው ያልበቃው ያመለክታል፤ የበቃው ተመልሶ ጥሩ ሐኪም ይሆናል፤ ያነበበውን ጥናት ከድሮው በተሻለ ይመዝናል። በዚህ ውስጥ የከሰረ የለም።

የተሻገረውን ተማሪ የሚጠብቀውን ችግር መደበቅ አይገባም። ከሁሉ የከፋው ድካም አይደለም፤ ከክፍል ጓደኞች መለየት ነው። አብረው ሬሳ የቀደዱት ጓደኞቹ ተመርቀው ሬዚደንት ይሆናሉ። እሱ ፒኤችዲውን ጨርሶ ዋርድ ሲመለስ የቀድሞ ጓደኛው የሚያዝዘው አለቃ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። የልብ ድምፅ ማዳመጥ፣ የበሽተኛ ታሪክ መቀበል፣ መድኃኒት ማስላት በአራት ዓመት ይዘነጋል። ጥሩ ፕሮግራሞች በፒኤችዲው ዓመታት ሁሉ ተማሪውን በየጊዜው ክሊኒክ የሚልኩት ለዚህ ነው፤ የማይልክ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ተማሪ በራሱ ሐኪም ፈልጎ ቢከተል ይበጀዋል። የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎቹም የጊዜ ገደብ አላቸው። በርካታ ግዛቶች ደረጃዎቹ በሙሉ በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲጠናቀቁ ይፈልጋሉ፤ ለጥምር ፕሮግራም ተማሪዎች ግን ብዙዎቹ ያራዝማሉ። ሊሠራበት ያሰበው ግዛት ከሚያራዝሙት መሆኑን መጀመሪያ ላይ ማወቅ ቀላል ነው።

ከዚያም ዕድሜ አለ። በ22 ዓመቱ የገባ ሰው ሬዚደንሲና ንዑስ ሙያ ጨምሮ የራሱን ላብራቶሪ ሲከፍት ወደ አርባ ይጠጋል። የመጀመሪያውን ትልቅ የመንግሥት የምርምር ድጎማ በዋና ተመራማሪነት የሚያገኙት ሁለቱም ዲግሪ ያላቸው ሰዎች በአማካይ 44 ዓመት ገደማ እንደሆናቸው ኤን አይ ኤች በ2014 ባወጣው ሪፖርት አመልክቷል። እነዚህ ዓመታት ልጅ የሚወለድባቸው፣ ወላጅ የሚጦርባቸው ዓመታት ናቸው። ሴቶች ላይ የሚያርፈው ሸክም የበለጠ ነው፤ የሕፃን ማቆያና የወሊድ ፈቃድ ደንብ ከላብራቶሪው ዝና እኩል ሊጠየቅ የሚገባውም ለዚህ ነው። ጄምስ ዊንጋርደን የተባሉት ሐኪም ተመራማሪ ሐኪሞች እንደሚጠፋ ዝርያ እየመነመኑ ነው ብለው ያስጠነቀቁት በ1979 ነበር፤ በኋላ የኤን አይ ኤች ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ስጋታቸው ዛሬም አልቀረም። በ2025 የፌዴራል የምርምር በጀት ሲናጋ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የፒኤችዲ ቅበላቸውን ቀንሰዋል።

ታዲያ ለምን? የሐበሻ ልጅ በተለይ ለምን?

አንድ ምሳሌ ይበቃል። ኮዴይን የተባለው ማስታገሻ ሥራውን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። በ1996 ኢትዮጵያዊቷ የፋርማኮሎጂ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና በስዊድን ያሉ ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያውያን ላይ ባደረጉት ጥናት ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ከመቶ 29 በሚሆኑት ሰዎች ላይ ተባዝቶ መገኘቱን አሳተሙ። በአውሮፓ ይህ የሚታየው በጥቂቶች ላይ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ለሌላው ሰው ልክ የሆነ መጠን ለብዙ ኢትዮጵያውያን ከመጠን ያለፈ ሞርፊን ሊሆን ይችላል። በ2015 የኢትዮጵያ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ኮዴይንን አገደ። ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀው የውጭ መድኃኒት ድርጅት አይደለም። ሕዝቡን የሚያውቅ ሰው ላብራቶሪ ውስጥ በመኖሩ ተጠየቀ።

እንዲህ ያለ መጠየቅ በአገር ቤትም የቆየ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የሕክምና ሐኪም አልነበሩም፤ በሽታ የሚመረምሩ ሳይንቲስት ነበሩ። በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶቹ በእንዶድ ሲያጥቡ ስንት ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል! ቆሞ የጠየቀው አንድ ሰው ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፍቶ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አለርት ግቢ የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ቆመ፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሚታከሙበት ሆስፒታል ጎን ላብራቶሪ ተሠራ ማለት ነው። ሐኪሙና ተመራማሪው በአንድ ግቢ በር የሚገቡበት ቦታ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሯል። አሜሪካ ሠልጥኖ የወጣ ሐበሻ ተመራማሪ ሐኪም ከእንደዚህ ያለ ተቋም ጋር መሥራት የሚችልበት መንገድ ዛሬ ከምንጊዜውም የቀረበ ነው።

እንግዲህ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ያለ የአንደኛ ወይም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በዚህ ወር ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ለትምህርት ቤቱ የጥምር ፕሮግራም ቢሮ ኢሜይል ጽፎ የውስጥ አመልካቾችን ይቀበሉ እንደሆነና የማመልከቻው ቀን መቼ እንደሆነ ይጠይቅ። ሁለት ወይም ሦስት የላብራቶሪ ኃላፊዎችን ያነጋግር፤ ከዝናቸው ይልቅ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በስንት ዓመት እንደጨረሱና ዛሬ የት እንዳሉ ይጠይቅ። የአማካሪው ድጎማ ቢቋረጥ ፒኤችዲውን እስከ መጨረሻ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይቀበል። ወላጆቹን ላብራቶሪ ወስዶ የሚሠራውን ያሳያቸው፤ በስልክ ከሚነገረው አራት ዓመት ይልቅ በዓይን የታየ ሥራ ይገባቸዋል። የጨረሱትን ተማሪዎች ቢሮው ራሱ ያስተዋውቀዋል። ፕሮግራሙን ጀምሮ መሃል ላይ የተወ ተማሪ ግን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ስሙን ከላብራቶሪ ባልደረቦቹ ማግኘት አይከብድም፤ አንድ ሰዓት ቡና እየጠጡ ቢያወጉ ደግሞ የፕሮግራሙ ብሮሹር የማይነግረውን ይነግረዋል።